ያልተቀበሩ ልጆች

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ከልጅነት ወደ ጕልምስና ለሚሸጋገሩ ወጣቶች ተብለው የሚጻፉ ልብ ወለድ ታሪኮች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በቅርብ ዘመን አንድ ልዩ ወገን ተነሥቶአል፤ ይኸውም የሞተውን ወይም ለሞት የቀረበውን ልጅ ሐሳብና ትዝታ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ፤ በሌላ አካል ወይም ያለ አካል ስለሚያኖር ጥበብ የሚተርክ ነው። ወሬውን ብቻ የሰማ ሰው ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ ይመስለዋል። ካህን የሆነ አንባቢ ደግሞ ወዲያው ክርክሩን ስለ ነፍስ ያደርገዋል፤ ማሽን ነፍስ ይኖረዋልን፤ የተገለበጠውስ ሰው ያው የፊተኛው ሰው ነውን ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መጻሕፍቱም ራሳቸው አብዝተው ይጠይቁታል። ዳሩ ግን እነዚህ መጻሕፍት ተራ በተራ ሲነበቡ ከዚህ ጥያቄ በታች ሌላ ነገር ይገለጣል። ልጁ ልሙት ወይም ልኑር ብሎ አልመረጠም፤ የመረጡለት አባትና እናቱ ናቸው። እንግዲህ የታሪኩ ሥር የማሽኑ ነፍስ ሳይሆን፤ ልጃችንን አንቀብርም ያሉ ወላጆች ጕዳይ ነው።

ከዚህ ወገን ቀዳሚ ሆኖ ሊቈጠር የሚገባው እንግሊዛዊው ደራሲ ፒተር ዲክንሰን በ1988 ዓ.ም. ያሳተሙት «ኢቫ» የተባለው መጽሐፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ዲክንሰን በ1927 በሰሜን ሮዴዥያ፤ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር ተወልደው በ2015 ያረፉ ሰው ናቸው። በመጽሐፋቸው ኢቫ የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷም ቺምፓንዚ የሚባሉትን እንስሳት የሚመረምር ሊቅ ነው። በመኪና አደጋ አካሏ ይደቅቃል፤ ሐኪሞቹም ከወላጆቿ ጋር ተማክረው ሐሳቧንና ትዝታዋን ኬሊ ወደምትባል ቺምፓንዚ ያሻግሩታል። ልጅቱ ስትነቃ እጇ ጠጕራም ነው፤ አፏ እንደ ሰው አይናገርም፤ ቃሏንም በእጇ እየነካች በምታናግረው ትንሽ መሣሪያ ትገልጻለች።

ዲክንሰን ከተከታዮቻቸው ሁሉ ቀድመው ያስተዋሉት አንድ ቁም ነገር አለ። አካል ነፍስ የምትለብሰውና የምታወልቀው ልብስ አይደለም። ኢቫ በእንቅልፏ ከቶ አይታው የማታውቀውን ዱር ታያለች፤ ሕልሙ የኬሊ ነውና። ይህንንም የእንስሳ ወገኗን አክብራ ካልተቀበለች በቀር ልትኖር እንደማትችል ትረዳለች፤ በመጨረሻም ከሰው ወገን ተለይታ ከቺምፓንዚዎቹ ጋር በአንዲት ደሴት ትኖራለች። የልጅቱ ስም በእኛ ቋንቋ ሔዋን ማለት ነው፤ የቤተ ሰቡም ስም አዳምሰን፤ የአዳም ልጅ ማለት ነው፤ ደራሲው ያለ ምክንያት አልሰየሟትም። ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ግን የእናቲቱ ነገር ነው። ያንን ጠጕራም እጅ ይዛ ልጄ ለማለት የምታደርገው ትግል በመጽሐፉ ውስጥ በጥቂት ገጾች ብቻ ቢነገርም፤ ኋላ የመጡት ደራስያን ከዚያች ጥቂት ቦታ ሙሉ መጻሕፍት አውጥተዋል።

ከኋለኞቹ ዋነኛዪቱ አሜሪካዊት ደራሲ ሜሪ ፒርሰን ናቸው። በ2008 ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «አምልኮተ ጄና ፎክስ» ይሆናል። አንባቢ በዚህ ርእስ ላይ ጥቂት ቢቈይ አይጐዳም። ደራሲዪቱ «የጄና ፎክስ ፍቅር» ወይም «የጄና ፎክስ ሕይወት» ሊሉት ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ለፈጣሪ ብቻ የሚገባውን ቃል መረጡ። ሰብአ ሰገል በቤተ ልሔም ያደረጉትን ስግደት የምዕራብ ሰዎች በሥዕላቸው ላይ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። አንዲት ሴት ልጅ እንደዚህ ስትመለክ ምን ይደርስባታል የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፉ ልባስ ጀምሮ ተጽፎአል ማለት ነው።

ጄና ከአንድ ዓመት በላይ ራሷን ስታ ከቈየች በኋላ በ17 ዓመቷ ትነቃለች። ስሟ ጄና እንደ ሆነ ይነግሯታል እንጂ ራሷ አታስታውስም። ቤተ ሰቡ ከቦስተን ከተማ ተነሥቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶአል፤ ምክንያቱን አይነግሯትም። ትዝታዋ እንዲመለስ እየተባለች ወላጆቿ ከልደቷ ጀምሮ የቀረጿትን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በየዲስኩ ታያለች። ሌላ ልጅ አልነበራቸውምና አንዲት ቀን እንኳ ሳይቀርጿት አላለፈችም ለማለት ይቻላል፤ ልደቷ፤ የትምህርት ቤት ዳንሷ፤ ሣቋ ሁሉ በዲስክ ላይ ነው። እዚህ ላይ የደራሲዪቱ ብልሃት ይታያል። አንባቢው በመጀመሪያ ይህን የደስተኛ ቤተ ሰብ ማስታወሻ አድርጎ ያየዋል፤ ገጹ እየገፋ ሲሄድ ግን ልጅቱ በሕይወት ሳለች እንኳ ግማሿ ሥዕል እንደ ነበረች ይገባዋል። ወላጆቿ ከአደጋው በፊት ጀምረው ልጃቸውን ሲገለብጧት ኖረዋል። የማሽኑ ሥራ የቀረውን መፈጸም ብቻ ነበር።

ጄና አንድ ቀን እጇ ይቈረጣል፤ ከቈዳዋም ሥር ያየችው ደምና ሥጋ ብቻ ሳይሆን ሰማያዊ ዝልግልግ ነገር ነው። ያን ጊዜ እውነቱ ይነገራታል። ከአደጋው የተረፈው ከአንጎሏ ከመቶ ዐሥሩ እጅ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ አባቷ በፈለሰፈው በዚያ ሰማያዊ ነገር ላይ የተጻፈ ግልባጭ ነው። ይህም ሥራ በመጽሐፉ ዓለም በሕግ የተከለከለ ነው። በመንግሥት የተቋቋመ ቦርድ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ሙሉ 100 ነጥብ ብቻ ይሰጠዋል፤ የሚተካለት የአካል ክፍል ሁሉ በነጥብ ይመዘናል፤ ከመቶ ያለፈ ሕገ ወጥ ነው። ጄና ከመቶው እጅግ አልፋለች። ወደ ካሊፎርኒያ መሸሻቸውም አንዱ ስለዚህ፤ አንዱም ቅዝቃዜ ያንን ሰማያዊ ነገር ስለሚያበላሽ ነው። ዕድሜዋም በትክክል አይታወቅም፤ 2 ዓመት ወይም 200 ዓመት ሊሆን ይችላል።

ደራሲዪቱ የክርክሩን ሁለት ወገን በእኩል ሚዛን ለመያዝ ደክመዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። አሊስ የምትባል የጄና ጓደኛ አለች፤ መድኃኒት በማይበግረው ተውሳክ ምክንያት እጅና እግሯ የተቈረጠባት ናት። ከሕጉ መላላት ትጠቀም የነበረች እርሷ ሆና ሳለ፤ ሕጉን አጥብቃ የምትደግፈው እርሷ ናት። ሰው መድኃኒትን ያለ ልክ በመጠቀሙ እርሷ እንደ ተጐዳች ታውቃለችና። ወላጆቿ ግን ሞት አፋፍ ላይ በደረሰች ጊዜ ወደ ጄና አባት መጥተው ይለምናሉ። ሰው በልጁ ጤንነት ጊዜ የያዘው አሳብና በልጁ አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚይዘው አሳብ አንድ እንዳይደለ ከዚህ የተሻለ ማሳያ በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

አሁን ስለ አያቲቱ ስለ ሊሊ መናገር ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ከሌሎቹ የሚበልጠው በእርሷ ነውና። ሊሊ ካቶሊካዊት ናት፤ ጸሎት ታዘወትራለች። ከወላጆቹ ጋር በአንድ ቤት እየኖረች ወደ ጄና አትቀርብም፤ በጥርጣሬ ዐይን ትመለከታታለች። ጄና ይህን ጥላቻ አድርጋ ትወስደዋለች፤ አንባቢውም እንዲሁ። ኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በዚያ ቤት ውስጥ የልጅ ልጇን አልቅሳ የተሰናበተች አንዲት ሰው ሊሊ ብቻ ነበረች። እናትና አባት አላለቀሱም፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። እንግዲህ አንዴ የተሰናበቱት ሰው ከማዕድ ቤት ቁሞ ቢገኝ ምን ይደረጋል፤ ሊሊ የማታውቀው ይህን ነው። ደራሲዪቱ እርሷን ጨካኝ ወይም ያልተማረች ባልቴት አላደረጓትም፤ ሃይማኖቷም ማላገጫ አልሆነም። በዘመናችን የወጣቶች መጻሕፍት የሚያምን ሰው እንዲህ ባለ ክብር ሲሣል ማየት ብዙ ጊዜ የሚገኝ አይደለም። ሊሊ ጄናን ቀስ በቀስ እየቀረበቻት ስትሄድም፤ ያሸነፋት ክርክር አይደለም፤ ልጅቱ እንደ ሰው መከራ ስትቀበል ማየቷ ነው።

የጄናስ መከራ ምንድን ነው? አካሏ እስኪሠራ ድረስ ሐሳቧ በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ ነበር፤ ያም ጊዜ በትዝታዋ አለ። ዐይን የለም፤ አፍ የለም፤ ጨለማ ብቻ አለ፤ ማሰብ ግን አይቆምም። ወላጆቿ ይህን አላወቁም፤ ተኝታለች ብለው ያምኑ ነበር። በጥንት አባቶች መጻሕፍት ስለ ሲኦል የተነገረውን ያነበበ ሰው ይህን ክፍል ሲደርስበት መጽሐፉን ጥቂት ሳያስቀምጥ አይቀርም። ከዚህም የባሰ አለ። በአደጋው ጊዜ ከጄና ጋር በመኪናው ውስጥ የነበሩት ሁለት ጓደኞቿ ካራና ሎክ ሞተዋል፤ ዳሩ ግን ሐሳባቸው ተገልብጦ በሁለት ሣጥን ውስጥ በቤቱ ተቈልፎበት ይገኛል። የጄናም መጠባበቂያ ግልባጭ በሦስተኛው ሣጥን አለ። ሦስቱም በዚያ ጨለማ ውስጥ እያሰቡ ነው።

ጄና የምታደርገው የመጽሐፉ ዋና ሥራ ነው። ሣጥኖቹን አውጥታ ከቤቱ አጠገብ ወዳለው ኵሬ ትጥላቸዋለች። የጓደኞቿን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምሕረት ወይስ መግደል የሚል ክርክር ብቻ በሆነ ነበር፤ እርሷ ግን የራሷንም ጨምራ ትጥላለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የምትሞት ሆነች። በዚህም ጕዳይ ከወላጆቿ ይልቅ ሊሊ ከእርሷ ጋር ናት። ልጅቱ ወላጆቿ ሊሰጧት ያልፈቀዱትን ነገር በገዛ እጇ ወሰደች፤ ይኸውም መጨረሻዋን ነው።

በዚህ ቦታ መጽሐፉ ቢያበቃ መልካም ነበር የሚሉ አሉ። ደራሲዪቱ ግን ከ260 ዓመት በኋላ የሚሆነውን በጥቂት ገጾች አክለዋል፤ አጻጻፉም የቸኰለ ነው፤ ያን ያህል ዘመን በዚያች ወረቀት ላይ አይበቃውም። ቢሆንም አንድ ነገር ያድነዋል። ጄና በዚያ ዘመን እናት ሆናለች፤ ልጇም ሙሉ ሰው ናት፤ ትሞታለች። እናቲቱም ከልጇ በኋላ ላለመኖር ወደ ቀዝቃዛው ቦስተን ለመመለስ ታስባለች፤ ብርዱ ዕድሜዋን ያሳጥረዋልና። አባትና እናቷ ልጃቸው ቀድማቸው እንዳትሞት ሕግን፤ እውነትን፤ የሌላውን ሰው ልጅ ሁሉ መሥዋዕት አደረጉ፤ እርሷ ግን ያንኑ ፍርሃት ይዛ የራሷን ዘመን ትሰጣለች። ፍርሃቱ አንድ ነው፤ የሚከፈለው ከማን ኪስ እንደ ሆነ ነው የተለየው።

በዚያው በ2008 ሌላ አሜሪካዊት ደራሲ ሮቢን ዋሰርማን «የተገፈፈች» ሊባል የሚችል መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ በ2009 እና በ2010 ሁለት ተከታይ ወጥቶለታል። እዚህም የመኪና አደጋ ነው። በዚህ ነገር መሣቅ ይቻል ነበር፤ ደራስያኑ ልጅ የሚሞትበት ሌላ መንገድ ያጡ ይመስላሉና፤ ዳሩ ግን መጻሕፍቱ በተጻፉበት ዘመን በአሜሪካ ወጣቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ሁሉ ዋነኛው የመኪና አደጋ ስለ ነበረ ምርጫቸው የወላጆችን ልብ ከማወቅ የመጣ ነው።

ሊያ ካን ባለጠጋና ሥልጣን ያለው አባት ያላት፤ መልከ መልካም፤ በጓደኞቿ ዘንድ የምትፈራ ልጅ ናት። ሥጋዋ ሞቶአል፤ አንጎሏ ተመርምሮ ተገልብጦአል፤ እርሷም በፋብሪካ በተሠራ አካል ትነቃለች። እንደ ጄና የተረፈ ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ የላትም። ዋሰርማን ከፒርሰን ይልቅ መራራ ናቸው። የልጅቱ ድምፅ ቍጡ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም አንባቢን ያሰለቻል፤ ግን ቍጣዋ ሐሰት የለበትም። ከሁሉ የሚጠነክረው በቤት ውስጥ የሚሆነው ነው። ታናሽ እኅቷ ዞ ጓደኞቿንና ወዳጇን ሳይቀር ወርሳ ትገኛለች። ሰው ሲሞት ወራሾቹ ንብረቱን መካፈላቸው የተለመደ ነው፤ ሟች ግን በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ሲካፈሉት አያይም። አባቷም ቀን ጽኑ ሰው ነው፤ በሌሊት ግን ባደረገው ነገር ሲጸጸት ልጁ ትሰማዋለች። ወላጅ ልጁን ማዳኑን እንደ ኀጢአት ሲቈጥረው የሚሰማ ልጅ ወዴት ይሄዳል? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ጥሎ ለመሸሽ አይሞክርም።

ሌላም ብርቱ ክፍል አለው። እንደ ሊያ ያሉት ወጣቶች ትዝታቸውን በየጊዜው በመጠባበቂያ ያኖራሉ፤ አካላቸው ቢሰበር በሌላ ይነቃሉ። ስለዚህ አደጋን ይጫወቱበታል። ኦደን የሚባል ሥጋ ለባሽ ጓደኛዋ ግን በፏፏቴ አጠገብ በአደጋ ላይ ያለች መስሎት ሊያድናት ይወረወራል፤ አካሉም ክፉኛ ይጐዳል። እርሷ ልትሞት የማትችል ስትሆን ሊሞት የሚችለው ስለ እርሷ ተሰበረ። መሞት የማይችል ሰው ስለ ወዳጁ ነፍሱን ሊሰጥ አይችልም፤ የሚሰጠው ነፍስ የለውምና፤ የሌላውን መሥዋዕትነት ግን በከንቱ ሊያስፈስስ ይችላል። ከስብከት ይልቅ እንዲህ ያለ ታሪክ ይህን ነገር በወጣት ልብ ውስጥ ይተክለዋል።

የዋሰርማን ጕድለት ሳቮና በሚባለው ሰባኪ ላይ ነው። እርሱ በአዳዲሶቹ ሰዎች ላይ ሕዝቡን የሚያስነሣ የሃይማኖት ወገን መሪ ነው፤ ንግግሩ ጣፋጭ፤ ልቡ ጠማማ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በዓለም የሉም ማለት አይደለም። ነገር ግን አንባቢው በመጀመሪያ እንዳየው ያውቀዋል፤ እስከ መጨረሻም አዲስ ነገር አያገኝበትም። ሊሊን በጻፉት ደራሲ አጠገብ ሲቀመጥ ሳቮና የወረቀት ሰው ነው። በዚህም ምክንያት ከእርሱ አፍ የሚወጣው ትክክለኛ ጥያቄ ሁሉ፤ ትክክለኛም ጥያቄ አለውና፤ ሳይሰማ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ሦስቱም ደራስያን ሳይመካከሩ ተስማምተውበታል። ሰው ማለት በሥጋ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ አሳብ ነው የሚሉ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ዛሬም በኮምፒዩተር ሰዎች መካከል ይህ አሳብ በርትቶአል። አሳቡ እውነት ቢሆን ኖሮ ጄናም ሊያም ምንም ባልጐደለባቸው ነበር፤ ትዝታቸው ሙሉ ነውና። መጻሕፍቱ ግን ከገጽ ወደ ገጽ የሚያለቅሱት ስለ አካል ነው፤ ስለ እጅ ሙቀት፤ ስለ ትንፋሽ፤ ስለ ጠፋው ቈዳ። የዋሰርማን መጽሐፍ ርእስ ራሱ ይህን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን የምትጠብቀው የሥጋን ትንሣኤ እንጂ የትዝታን መቀመጥ አይደለም፤ እነዚህ ደራስያን ትንሣኤን ለማስተማር ባይነሡም፤ ሥጋን ንቀው ሰውን ማግኘት እንደማይቻል በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል።

ፓትሪክ ኔስ በ2013 ያሳተሙት «ከዚህ የሚበልጥ» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ ነገሩን ገልብጦ ያሳየዋል። ሴት የሚባል የ16 ዓመት ወንድ ልጅ በአሜሪካ ባሕር ሰጥሞ ይሞታል፤ በልጅነቱም በኖረበት በእንግሊዝ አገር ባለ ባዶ መንደር ይነቃል። ይህ ሲኦል ነው ወይስ ሌላ እያለ ሲመረምር የሚያገኘው፤ ሰዎች ሁሉ በየሬሳ ሣጥን በሚመስል ነገር ተኝተው በኮምፒዩተር በተሠራ ዓለም እንደሚኖሩ ነው። ማለት፤ ሕይወት ብሎ የኖረው ያኛው ግልባጩ ነበር። ደራሲው ይህ እውነት ይሁን የልጁ አእምሮ የፈጠረው ሕልም እስከ መጨረሻው አይወስኑም፤ አለመወሰናቸውም አንዳንዱን አንባቢ ያስቈጣል።

የመጽሐፉ ቍስል ግን በኦወን፤ በሴት ታናሽ ወንድም ላይ ነው። ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ እናታቸው ለጥቂት ደቂቃ ከቤት ወጣ ባለች ጊዜ፤ ከእስር ያመለጠ ሰው ገብቶ ኦወንን ወሰደው። ሴት የሚያስታውሰው ወንድሙ ተጐድቶ እንደ ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲያ በቤተ ሰቡ መካከል እንዳደገ ነው። እውነቱ ግን ኦወን አልተመለሰም፤ ተገድሎአል። ወላጆቹ ይህን መሸከም ስላልቻሉ ወደዚያ ወደ ተሠራው ዓለም ገቡ፤ በዚያም በሕይወት ያለ ኦወን ተሠራላቸው፤ መሠራቱንም ረሱ። የሥርዐቱ ስም ሌቴ ይባላል፤ በጽርእ ተረት የሙታን መርሻ ወንዝ ስም ነው። የሚያሳዝነው፤ የተሠራው ኦወን እንኳ ደኅና ልጅ አይደለም፤ ሕመምተኛ ነው፤ እናቲቱም ዘወትር እርሱን በማስታመም ትደክማለች፤ ትልቁ ልጅ ሴት ግን ሳይታይ ያድጋል። በተድላ ዓለም ውስጥ እንኳ ጸጸቷ ተከትሎአት ገባ። ኔስ ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ቃል የሚናገሩት በዚህ ላይ ነው፤ የበለጠ የሚያሳምሙትም በዚሁ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምናብ ነገር ነው ብሎ ማለፍ በዛሬ ዘመን አይቻልም። በየካቲት ወር 2020 በደቡብ ኮሪያ ኤም ቢ ሲ የተባለው ቴሌቪዥን አንዲት እናት በ2016 በ7 ዓመቷ ከሞተችባት ልጅዋ ጋር የተገናኘችበትን ትርኢት አሳየ። እናቲቱ ዐይኗን የሚሸፍን መነጽርና የእጅ ጓንት አጥልቃ፤ ከፎቶግራፍና ከተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራችውን ልጅ አየች፤ ልትዳስሳት እጇን ዘረጋች፤ አለቀሰችም። ትርኢቱ በዓለም ሁሉ ክርክር አስነሥቶአል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሥራውን የሠሩት ሰዎች ለፍጻሜው ስንብት አዘጋጅተውለት ነበር፤ ልጅቱ ትተኛለች፤ እንደ ቢራቢሮም ሆና ትበራለች። ስለዚህ የፎክስ ቤት ሰዎች ያላደረጉትን የቴሌቪዥን ሰዎች አድርገዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ግን የሟችን ቃልና ድምፅ ከተወው ጽሑፍና ቅጂ ሰብስበው የሚያናግሩ ብዙ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ በእነዚያ ውስጥ የስንብት ቀን የተጻፈ አይደለም፤ ሰውዬው በፈለገ ቍጥር ይመለሳል።

በዚህ ምክንያት ፒርሰን በ2011 «የፎክስ ውርስ» ሊባል የሚችለውን ተከታይ መጽሐፍ ሲያወጡ የሚጠበቅባቸው ብዙ ነበር። መጽሐፉ ጥሩ ሩጫ አለው፤ ወጣት አንባቢ አይሰለቸውም። የሚተርከው ሎክ ነው፤ ከካራ ጋር ሆኖ ከ260 ዓመት በኋላ በአዲስ አካል ነቅቶ። ወደ ኵሬው ተጥለው የነበሩት እነዚያ ሁለቱ ማለት ነው። ሌላ ግልባጭ ኖሮአል፤ ጄናም አላወቀችም። በዚህም ሎክና ካራ በጨለማው ውስጥ 260 ዓመት እያሰቡ ኖረዋል፤ ካራም ከዚያ የወጣችው ልቧ ተጣሞ ነው። ደራሲዪቱ የዚያን ጨለማ ርዝመት አጥርተው ማሳየታቸው የሁለተኛው መጽሐፍ ምርጥ ክፍል ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በዚያች ኵሬ ዳር የቆመችውን ልጅ ያስባል፤ ሦስት ሣጥን ጥላ ሦስት ሰው ያሳረፈች መስሎአት ነበር። በ2013 ሦስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ፤ ሎክ አሁንም አልተቀበረም።